ከፊርማው በፊት

«አባዬ ይሙት በይ» አለች ሰገን በስልክ።

«አባዬ ይሙት፤ ለማንም አልናገርም» አለች ልዕልት።

እህቷ ነገሩን ያወራችላት ከዚያ በኋላ ነው። ሰገን አዲስ አበባ፣ አንድ የሞባይል ፋብሪካ ውስጥ ስክሪን ትገጥም ነበር። ፋብሪካው «አዲስ መዋቅር» ብሎ የመገጣጠሚያውን ክፍል ዘጋው። ከእንግዲህ ያለቀለት ስልክ አስመጥቶ ማሸግ ብቻ ነው። የሚቀሩት ሠራተኞች ስም በር ላይ ተለጠፈ፤ የሰገን ስም አልነበረበትም።

«ካሁን ካሁን ሌላ ሥራ አገኛለሁ» አለች።

«ካላገኘሽስ?»

«አታካብጂ ባክሽ።»

ይህ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አያ ካሴ ሁለት ምስክሮችና የውል ወረቀት ይዘው ወረታ ዳር ወዳለው ቤታቸው መጡ። የልዕልት አባት የሩዝ ማሳውን ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ለሦስት ዓመት ሊሰጣቸው ነው። ሩዝ ጎንበስ ተብሎ በእጅ ይታረማል። ሰገን ከሄደች ወዲህ የአባቷ ወገብ ብቻውን አልቻለም።

«ሦስት ዓመት አይበዛም?» አለ አባቷ።

«ማሳውን ካስተካከልሁ በኋላ ብትነጥቀኝስ?» አሉ አያ ካሴ። «ደሞ አንተን ምን ቸገረህ? ልጅህ ስልክ ትሠራለች። ለኔም አንድ ላክልኝ በላት።»

ምስክሮቹ ሳቁ። አባቷም ሳቀ።

ልዕልት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ማሳው የሚመለሰው አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ነው። ሰገን ሥራ አጥታ ብትመጣ የምታርመው የራሷ ሩዝ አይኖራትም። ብትናገር ደግሞ መሐላዋን ታፈርሳለች። አባቷ ዛሬ ማታ ቢታመም በእሷ ምክንያት ነው የሚሆነው። የአባቷን ፊት አየች፤ ደህና ይመስላል።

አባቷ እስክሪብቶውን አነሳ።

«አባዬ፣ ቆይ። ሰገን ከሥራ ወጥታለች።»

አባቷ ዞሮ አያት።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።»

«በማን?»

ልዕልት አቀረቀረች። አባቷ ገባው።

«እንግዲህ አልሞትሁም» አለና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። «ካሴ፣ ሰገንን ሳላነጋግር አልፈርምም።»

«ታዲያ ሰው ጠርተህ?» አሉ አያ ካሴ፤ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ልዕልት ወደ ጓሮ ወጣች። ለእህቷ «ነግሬዋለሁ። ማሳው አልተሰጠም» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና «ብትናደጂብኝም ደውይለት» የሚል ጨምራ ላከችው።