የጠፉት ሃያ ገጾች

«ይህን ምዕራፍ ስጨርስ ለአንድ ሰዓት ያህል መናገር አቃተኝ» ብላ ጽፋለች ፋርማሲስቷ። ከሥሩ ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድራለች።

«እውነትም አንድ ሰዓት ዝም ብትይ ስንቱ በተገላገለ!» አለች ሃያሲዋ ለራሷ።

«ሃያሲዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት የኢንተርኔቱን የንባብ ግሩፕ የሚመሩት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዕድሜዋ ገና አሥራ አምስት ነው። ግሩፑ ከአንድ የድሮ ልብ ወለድ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ያነብና ቅዳሜ ከሰዓት አስተያየት ይጽፋል። መጽሐፉ ገበያ ላይ ስለማይገኝ መምህሩ የራሳቸውን ቅጂ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው በፋይል ልከውላቸዋል። ኢንጂነሩ ምንም ይነበብ ምን «ጥልቅ ነው!» ይላል፤ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ነው የሚመስለው። ፋርማሲስቷ ለሁሉም ታለቅሳለች። ሃያሲዋ አንዳቸውንም ከቁብ አትቆጥራቸውም፤ ላይካቸውን ግን ትወደዋለች።

ዛሬም ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘችው እሷ ናት። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው የሰዓት ሠሪው ልጅ እንዴት እንደሞተች፣ ድልድዩ እንዴት እንደተደረመሰ፣ ወንዙ እንዴት እንደዋጣት አሳምራ ጽፋለች። ምዕራፉን አላነበበችውም። የፈተና ሳምንት ስለነበር ማጠቃለያውን ከአንድ ድረ ገጽ ወስዳ ነው። ቢሆንም እሷ ከእነዚህ ጋር አንድ ናት እንዴ? እሷ ብታነበው ይገባት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትውለው አክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አክስቷ ስልኳን ከክር ሳጥኑ ጋር አስደግፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። «እኔንም አስገቢኝ» ብላ ስትለምናት ሃያሲዋ በስንት ማቅማማት ግሩፑ ውስጥ አስገብታታለች፤ ዝምድናቸውን ግን ለማንም አልተናገረችም። አክስቷ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ ስለ ዕጣ ፈንታ ሲከራከር፣ እሷ «የልጅቷ ኮት ቁልፍ ጎድሎታል፤ እናቷ ለምን አትተክልላትም?» ብላ ጠየቀች። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ሃያሲዋ በወደደች።

የሁለቱም ስልክ እኩል ጮኸ። የጻፈችው አክስቷ ነበረች።

«ይቅርታ፣ ልጅቷ መቼ ነው የሞተችው? ገጽ 212 ላይ ኮቷን ለብሳ ከቤት ትወጣለች። ቀጥሎ ያለው ገጽ 233 ነው፤ እናቷ ጥቁር ለብሳለች። መሃሉ አልገባኝም።»

«ሳያነቡ መጠየቅ ደስ አይልም» አለ ኢንጂነሩ። ፋርማሲስቷ ከሳቅ ብዛት እንባ የሚያፈሱ ፊቶች ላከች። አንዱ ደግሞ «ኮቱ ኪስ ውስጥ ፈልጊው» ብሎ ሙድ ያዘባት። መምህሩም ጨመሩ፦ «እህቴ፣ ተረጋግተው ያንብቡ። የሃያሲዋን ጽሑፍ ቢያዩ ይረዳዎታል።»

ሃያሲዋ ፋይሉን ከፈተች። 211፣ 212፣ 233። መምህሩ ፎቶ ሲያነሱ ሃያ ገጽ ዘለዋል። ድልድይ የለም፤ ወንዝም የለም። ታዲያ ፋርማሲስቷ የቱን አንብባ ነው መናገር ያቃታት? «አስመሳይ ሁላ!» ብላ ልትጽፍ ጣቷን አነሳች። ያኔ የራሷ ጽሑፍ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አርባ አንድ ላይክ። ከአስመሳዮቹ ሁሉ ረጅሙን የጻፈችው እሷ ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«አንቺ ልጅ» አለች አክስቷ ቀና ሳትል። «እኔ ጋ ብቻ ነው መሰለኝ የጎደለው፤ ስልኬ አሮጌ ነው። አንቺ ጋ አለ አይደል? ያን ሁሉ ጽፈሻል።»

ሃያሲዋ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«ሦስቴ እኮ ደግሜ አየሁት። ስትወጣ ኮቱ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ እናቷ ስታጥፈው አንድም የለውም። የሆነ ነገርማ ደርሶባታል።» መቀሷን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «ተዪው፣ ይቅርብኝ። ከግሩፑ አውጪኝ። ድሮስ እኔን መጽሐፍ ውስጥ ምን አገባኝ?»

ብታወጣት ማንም አይጠይቅም። አርባ አንዱ ላይክም ባለበት ይቆያል። ፋይሉን በትክክል ያነበበች አንዲት ሰው ነበረች፤ የምትባረረውም እሷ ልትሆን ነው። ሃያሲዋ ብዙ ሰው ንቃ ታውቃለች፤ ራሷን ግን እንዲህ ንቃ አታውቅም።

«ቆይ እትዬ፣ አትውጪ» አለች።

ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «ከ213 እስከ 232 ፋይሉ ላይ የለም። ለማናችንም አልተላከም። እኔ የጻፍኩት ከድረ ገጽ ወስጄ ነው፤ ምዕራፉን አላነበብኩትም። ያነበበችው ጥያቄውን የጠየቀችው ናት። አክስቴ ናት።»

ላከችው። መምህሩ እየጻፉ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለና ጠፋ። ላይኩ አርባ ሆነ፣ ከዚያ ሠላሳ ሰባት።

አክስቷ መልእክቱን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሃያሲዋ ወንበሯን ጎትታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች።

«የመጀመሪያው ቁልፍ የጠፋው የቱ ገጽ ላይ ነው?»

«አላየሽውም እንዴ?»

«አላየሁትም።»

አክስቷ ስልኳን ከክር ሳጥኑ ላይ አነሳችና ገጾቹን ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች።