ወደ ጄና ኩጋ የሚያወጣው ሌላው መንገድ

በግ አርቢው ቦኤሌ ሬሳውን ያገኘው በሰኔ የመጨረሻ እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ባኪሲዮ ሎይ በጄና ኩጋ ተራራ ምዕራባዊ ዳገት አራተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ከዝቅተኛው የድንጋይ ካብ በታች፣ የወይራ ዛፍ ሥር ወድቋል። ብስክሌቱ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ስልኩ ድንጋይ ላይ ተሰባብሯል። ቦኤሌ ኮፍያውን አውልቆ የሟቹን ፊት ከፀሐይ ሸፈነለትና ወደ ፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተር ማሪያንጄላ ፒራስ የኛው የኡሩዳ መንደር ልጅ ናት። ባኪሲዮን ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለን ፖስተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መኪና የማይበዛባቸውን የገጠር መንገዶች እየፈለገ፣ በየመታጠፊያው ለብስክሌተኞች ትንሽ ሰማያዊ ቀስት ይቀባ ነበር።

«ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍጥነቱ አሸንፎት ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ፍሬኑ እምቢ ብሎት ይሆናል።»

«እስቲ ሞክረው።»

ሞከረው። ፍሬኑ ይይዛል።

«ካቴናውስ የት ላይ ነው?»

«ከኋላ፣ ትልቁ ጥርስ ላይ።»

«በዚህ የዳገት ማርሽ ማን ይወርዳል?» አለችና የብስክሌቱን ጎማ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። ጣቷ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ከዚያ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያረጀ የእንጆሪ ዛፍ መንገዱ ላይ አጎንብሷል፤ በዚያ ሰሞን ጥቁር ፍሬው እየረገፈ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር አልብሶት ነበር። እንግዲህ ባኪሲዮ ሲሞት እየወጣ እንጂ እየወረደ አልነበረም። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ደግሞ ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም፤ ቢወድቅ ጉልበቱ ይላጣል እንጂ ካብ ተሻግሮ አይሞትም።

ከሣሩ መሃል አንዲት የመስታወት ስባሪ አንስታ በመሐረብ ጠቀለለች።

ከዳገቱ ጫፍ ካለው ምንጭ ዘንድ ሁለት ሰዎች አሁንም ባኪሲዮን ይጠብቁ ነበር። አንዱ ዳቦ ጋጋሪው ጋቪኖ ነው። ሌላው መምህር አንቲዮኮ ዴሳ ነው፤ ማሪያንጄላን ጨምሮ ግማሹን መንደር ፊደል ያስቆጠረ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው። ሦስቱ እሑድ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ይገናኛሉ። ባኪሲዮና ጋቪኖ ከመንደሩ ተነስተው በምሥራቁ መንገድ ይመጣሉ፤ መምህሩ ቤቱ በምዕራቡ ግርጌ ስለሆነ በረጅሙ ዳገት ብቻውን ይወጣል። በዚያ ዕድሜው ያንን ዳገት መውጣቱን ለእንግዳ ሁሉ እናወራ ነበር።

መርዶውን ስትነግራቸው ጋቪኖ መሬት ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ሄልሜቱን አውልቆ አቀረቀረ።

«ዛሬ ለምን በምዕራቡ መጣ?» ስትል ጋቪኖን ጠየቀችው።

«እንጃ። ትናንት ደውሎ ‹ነገ በወዲያ በኩል ነው የምወጣው፣ አትጠብቀኝ› አለኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

ጋቪኖ ፊቱ ቀላ። «ትንሽ ተነጋግረናል። የማይረባ ነገር ነው። ተይው፣ ማሪያንጄላ።»

ወደ መምህሩ ዞረች። «እርስዎስ መምህር? በየት በኩል መጡ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ ልጄ። እንቅልፍ ጥሎኝ ግማሽ ሰዓት አረፈድኩ እንጂ፣ ከደጄ እስከዚህ በፔዳል ነው የመጣሁት።»

«መንገድ ላይ መኪና አላለፈዎትም?»

«አንድም።»

«በዚያ ዳገት የሚመላለስ መኪና የእርስዎና የቲዩ ቦኤሌ ፒካፕ ብቻ ነው።»

«የኔው ከፋሲካ ወዲህ ተበላሽቶ መጋዘን ውስጥ ቆሟል» አለ መምህሩ።

ማሪያንጄላ ከምንጩ ውሃ ጠጣች። ስትመለስ የምንጩ ካብ ላይ የተደገፉትን ሁለት ብስክሌቶች አለፍ አለፍ እያለች ዳሰሰቻቸው። ከአራቱም ጎማ ጣቷ ላይ የቀረው ነጭ አቧራ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ቦኤሌ ግቢ ሄደች። መንደሩ ሁሉ ሽማግሌውን ቲዩ፣ አጎቴ፣ እያለ ነው የሚጠራው። ብስክሌተኞችን እንደማይወድ ግን ሁሉም ያውቃል።

«ቲዩ ቦኤሌ፣ ከባኪሲዮ ጋር ትጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

«እንጨቃጨቅ ነበር። በጎቼን ያስደነብሩብኛል። ቀስቶቹን በኖራ እየቀባሁ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።» ሽማግሌው እጁን አየ። «እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረኝም። መልሶ ይቀባል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይሄዳል። ዛሬ ሳየው የት ልግባ ብያለሁ።»

«ፒካፕዎን ልየው?»

«እዪው። ከሐሙስ ጀምሮ አልወረድኩም።»

የፒካፑ ጎማዎች የበግ በጠጥ ብቻ ነበረባቸው፤ ሁለቱም የጎን መስታወቶች አሉ።

ሰኞ የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። «ወዲያው አልሞተም» አለ ሐኪሙ በስልክ። «ቢያንስ አንድ ሰዓት ኖሯል። አንድ ሰው ደውሎ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ማሪያንጄላ ስልኩን ዘግታ የፍተሻ ፈቃድ ጠየቀች። ማክሰኞ ጠዋት ፈቃዱን ይዛ አንድ መጋዘን አስከፈተች።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከቀብር መልስ፣ በሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። የባኪሲዮ ሚስት ግራዚዬታ ጥቁር ለብሳ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጣለች። ጋቪኖና መምህሩ ፊት ለፊት ናቸው። ቦኤሌ አልቀመጥም ብሎ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ባኪሲዮ ሲወርድ አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ማርሹ የዳገት ነው፣ ጎማው ላይ ያለውም ቀለም ከእንጆሪው ዛፍ ሥር ሽቅብ ሲመጣ የያዘው ነው። ከኋላው የመጣ መኪና በጎን ገጭቶ ከካቡ ማዶ ጥሎታል። የመስታወት ስባሪው ወድቆ አግኝቼዋለሁ።»

ሁሉም ወደ ቦኤሌ አዩ።

«የቲዩ ቦኤሌ መኪና ንጹሕ ነው። ከታች ቢመጣ ኖሮ እንጆሪው ይይዘው ነበር። ጋቪኖ በምሥራቅ ነው የመጣው፣ በዚያ በኩል እንጆሪ የለም፤ የብስክሌቱ ጎማ ንጹሕ መሆን አለበት፣ ንጹሕም ነው።» እዚህ ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። «የእርስዎም ብስክሌት ንጹሕ ነበር፣ መምህር። ከቤትዎ በፔዳል ከወጡ ግን በዚያ ዛፍ ሥር ሳያልፉ የሚመጡበት ሌላ መንገድ የለም።»

ማሪያንጄላ ቀጠለች።

«ዛሬ ጠዋት መጋዘንዎን አስከፍቻለሁ። ተበላሸ ያሉት ፒካፕ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሳ። ጎማው ወይን ጠጅ ነው። የቀኝ የጎን መስታወቱ ግማሹ የለም፤ ስባሪው ልክ ይገጥማል። ብስክሌቱ ከኋላ ተጭኖ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ቀሪውን እርስዎ ቢነግሩን ይሻላል።»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ መምህር አንቲዮኮ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ልቤ እምቢ አለ። ከምንጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ጫካ ውስጥ መኪናውን አቆምና ብስክሌቱን አወርዳለሁ። የመጨረሻዋን ሜዳ ብቻ ነድቼ እመጣ ነበር። ፊቴን ውሃ እረጫለሁ፤ ላብ እንዲመስል።»

«ምነው ብትነግረን?» አለ ጋቪኖ።

«አንተ ነህ የምትጠይቀኝ? ፔፔን ምን ትሉት ነበር?»

ፔፔ አራተኛው ጓደኛቸው ነበር። ዳገት አቅቶት ሚስቱ በመኪና ታመጣው በጀመረች ጊዜ ‹ሻንጣ› አሉት። ስሙ ቡና ቤት ገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደረሰ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ስቄያለሁ። ፔፔ ከዚያ ወዲህ ብስክሌት አልነካም።

«ቅዳሜ የተጣላነው በዚሁ ነው» አለ ጋቪኖ በመጨረሻ። «ባኪሲዮ ‹ይህን ሻንጣ ሻንጣ የምትለውን ተው፣ የሚጎዳው ሰው አለ› አለኝ። ማን እንደሆነ አልገባኝም። ሳቅሁበት።»

«አንቲዮኮን ነው» አለች ማሪያንጄላ። ከፋይል ውስጥ በላብ የወየበ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በባኪሲዮ እጅ የተሳለ ካርታ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ በወይን እርሻዎች መሃል የሚሄድ ሰማያዊ መስመር። ከላዩ ላይ ‹ዳገት የሌለው የእሑድ መንገድ፤ ለአንቲዮኮ፣ ለፔፔ፣ ለኔም ጉልበት› ይላል። «ከጀርባ ኪሱ ነው የተገኘው። ያውቅ ነበር፣ መምህር። ጋቪኖ ሳይሰማ፣ ለብቻዎ ሊያሳይዎ ነው በዚያ በኩል የመጣው።»

መምህሩ ወረቀቱን ሊነካ እጁን ዘረጋና መለሰው።

«ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ ከፊቴ እየወጣ ነበር» አለ። «መኪናውን ሰምቶ ዞረ፣ እጁን አነሳ። እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ቶሎ ልለፈው ብዬ ነው። ልገድለው አልነበረም፣ ግራዚዬታ። ልለፈው ብቻ ነበር።»

ግራዚዬታ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ወርደህ አየኸው?»

«አየሁት።»

«ተናገረ?»

«‹አይዞህ አንቲዮኮ፣ ለማንም አልናገርም› አለኝ።»

«ስልክ ይዘህ ነበር?»

«ይዤ ነበር። ብደውል ግን በመኪና ምን ትሠራ ነበር ይሉኛል ብዬ...» አልጨረሰውም።

«አንድ ሰዓት ሙሉ» አለች። «እጁን እንኳ ያዝክለት?»

መምህሩ ቀና ሊል ሞከረና አቃተው።

«አልያዝኩም። መንገዱን ነበር የማየው፤ ሰው እንዳይመጣ።»

ግራዚዬታ ካርታውን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ማሪያንጄላ ተነስታ በሩን ከፈተች፤ ልጅ ሳለች ለመምህሩ ታደርግ እንደነበረው ራሷን ዝቅ አድርጋ አሳለፈችው። ፊቱን ግን አላየችውም። ደጅ ሆነን ከሰማነው ከእኛም መሃል፣ ሲወጣ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።