ነጩ ማባያ

ወጣቷ አገሬ የሞተችው ነጩ ማባያ ከንፈሯ ላይ እንደደረቀ ነው። ሐኪሙ መርዝ ነው አለ፤ ከሳህኑ የተረፈውን የላሰችው ድመትም ጓሮ ሞታ ተገኘች። ምግቡን የሠራችው ሀኒያ ስለሆነች የሞጣ ከተማ ሰው ለመፍረድ ጊዜ አልወሰደበትም። በአሮጌው ሰፈር፣ በአባቷ ቤት ልትከፍተው የነበረው የሊባኖስ ምግብ ቤት ሳይከፈት ስሙ ጠፋ። ጓደኞቿን ለቅምሻ የጠራች ሴት ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ከቢቸና የተጠራችው ኢንስፔክተር ብሩክታይት ግን ሀኒያን በስልክ ታውቃት ነበር። ሀኒያ ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ናት። የጎረቤቷን ልጅ ሀሲናን በሕገወጥ መንገድ ልኮ ለሞት የዳረጋትን ደላላ ልታጋልጥ፣ ቢቸና ድረስ ለመምጣት ቀጠሮ ይዛ ነበር። ስሙን ግን አልተናገረችም ነበር፤ አሁንም አልተናገረችም።

«አሁን ስሙን ብጠራ ራሷን ልታድን ነው ይሉኛል» አለች። «ለሰውየው ቀድመህ እጅህን ስጥ ብዬ ነግሬዋለሁ። ለአንድ ሰው ስል ነበር።»

ከማዕዱ የነበሩት ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው አስተማሪው ደምለው ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ስለሆነ ሀኒያ ሁሉም ከአንድ ማዕድ እንዲበላ ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ እንደመረጠች፣ የማባያውን ሰሊጥም እሱ ራሱ አስፈጭቶ እንዳመጣላት ተናገረ።

«እጄን ስታጠብ አገሬ ‹እርጎ ነው እንዴ?› አለቻት። ሀኒያም ‹ሰሊጥ ነው፤ የጾም ነው፣ ብይ› አለቻት። ወንድሟ ስጦታው ደጅ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ሲገባ ስትበላ አያት። ዘሎ ጣቱን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተ። ትፊ፣ ትፊ ይላታል። መቼም ጾም ላይ ሲበዛ ጥብቅ ነው።»

ሁለተኛው፣ ስጦታው፣ የአገሬ ታላቅ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። ከሁሉም ቀድሞ እንደደረሰ፣ ሀኒያ ጓዳ ስትጠብስ ማዕዱ አጠገብ ብቻውን እንደቆየ አልካደም።

«እኔ እርጎዋን አልነካሁም» አለ። «በሁዳዴ እርጎ የሚያቀርብ ሰው ምን ይባላል?»

ብሩክታይት አላረመችውም።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ሀኒያ በፖሊስ ፊት አዲስ ማባያ አዘጋጅታ ነበር። ኢንስፔክተሯ ሳህኑን ወደ ስጦታው አስጠጋች።

«ይቅመሱ።»

«ጾመኛ ነኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለችና በቁራሽ ዳቦ አጥቅሳ ጎረሰች። «ሰሊጥ ነው።»

የስጦታው ዓይን ሳህኑ ላይ ፈዞ ቀረ።

«መርዙን የጨመረው ሰው አገሬን ለመግደል አልፈለገም» አለች ብሩክታይት። «ከማዕዱ ሦስቱ ይጾማሉ፤ የማትጾመው ሙስሊሟ ሀኒያ ብቻ ናት። ይህ እርጎ ቢሆን ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ሀኒያ ሰሊጥ መሆኑን ታውቃለች፤ ሁሉም እንደሚበላው ታውቃለች። ደምለውም ያውቃል። እርጎ መስሎት መርዙን ለእሷ ብቻ ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። ጾም የሻረችን እህት ይቆጧታል። ማንም ገና ሳይታመም ጣት ጉሮሮዋ ውስጥ የሚከት ግን የጎረሰችውን የሚያውቅ ነው።»

ወደ ሀኒያ ዞረች። «የደላላውን ስም አሁን ንገሪኝ።»

«ስጦታው ነው» አለች ሀኒያ። «ለአገሬ ስል ነበር ዝም ያልኩት።»

ብሩክታይት ከዚያ በኋላ ስጦታውን አንቱ አላለችውም። «ሐኪሙ ምን በልታ ነው ሲል ራስጌዋ ቆመህ ነበር። መርዙን ብትነግረው ምናልባት ትተርፍ ነበር። ለምን አልተናገርክም?»

«ካስተፋኋት ትድናለች ብዬ…» አለ። ጾሟን ሻረች ብሎ የተቀየማት እህቱ ጾሟን እንዳልሻረች የገባው ያን ጊዜ ነው። ሲያስሩትም እጁን ራሱ ዘረጋ።

ሲወስዱት ደምለው ሀኒያን ትከሻዋን ይዞ ነፃ ነሽ አላት፤ ምግብ ቤቱንም መክፈት ትችያለሽ አላት።

ሀኒያ ሳህኑን ከማዕዱ ላይ አነሳች፤ የምታስቀምጥበት ግን ጠፋት።

«የጾም ነው፣ ብይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች።