አፀደን ያነጋገራት

አፀደ የሞተችው ከእንጦጦ ግርጌ ባለች አንዲት ክፍል ቤቷ ውስጥ፣ በሰው እጅ፣ በገዛ ነጠላዋ ታንቃ ነው። ጊዜው የ1971 ዓ.ም. ሁዳዴ ነበር። ጴንጤ በመሆኗ በቀበሌ ስብሰባ መፈክር አላሰማም ካለች ወዲህ፣ ለወራት ሰላም ያላት፣ እሳት ያጫራት፣ የሸጠላት ሰው የለም።

መርማሪው የመቶ አለቃ አካሉ ዙሪያውን አየ። በሩ አልተሰበረም። ምድጃው ላይ ሸረሪት አድርቷል። መደቡ ላይ ግን ውሃ እስኪሆን የላላ፣ ቅቤ ያልነካው የሽሮ ፍትፍት በግማሽ ተበልቶ ተቀምጧል። የሬሳው ጣቶች በሽሮ ተለውሰዋል።

«መፈክር አላሰማም ስትል ለምን አላሰራችኋትም?» ሲል የቀበሌውን ሊቀ መንበር ዓምደ ሚካኤልን ጠየቀው።

ዓምደ ሚካኤል ዩኒቨርሲቲ ስለ ኅብረተሰብ ያጠና ሰው ነው። ፈገግ አለ።

«እስር ቤት ዘበኛ ይፈልጋል፣ ጓድ። ጎረቤት ግን እርስ በርሱ ይጠባበቃል። ያነጋገራት እንደ እሷ ይገለላል አልን፤ በቃ።»

ወንድሟ ወንድይራድ መሬት መሬት እያየ «አሳፈረችን፤ ደጇን ከረገጥኩ ቆየሁ» አለ።

ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤቷ ፈትለወርቅም «ቃል አልተነፈስኳትም» አለች። «ምስኪን! ጉሮሮዋ ቆስሎ፣ እህል አልወርድ እንዳላት ሄደች።»

በማግስቱ አካሉ ሰፈርተኛውን በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበ።

«ምድጃዋ እሳት አላየም፤ ስለዚህ ፍትፍቱን ሰው አምጥቶላታል። እሷ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጾምም፣ ምግቡ ግን የጾም ነው፤ ከጿሚ ቤት መጥቷል። እጇን ሳትታጠብ ነው የሞተችው። ስለዚህ የገደላት አብልቷት አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ነው፤ በሩንም የከፈተችለት ራሷ ናት። ፍትፍቱስ ለምን ላላ? ጉሮሮዋ ስለታመመ። ይህን ያነጋገራት ሰው ካልሆነ ማን ያውቃል? ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ ቃል አልተነፈስኳትም ብለውኛል፤ የጉሮሮዋን ቁስል ታዲያ ከማን ሰሙ?»

ፈትለወርቅ ከሰው መሐል ወደ ፊት ወጣች።

«ቀበሌው ሊጠይቃት ጠርቷት ነበር። ‹ምግብ የሚሰጥሽ ማን ነው ቢሉሽ፣ ማንም የለም በይ› ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹እትዬ፣ ጌታ ያያል፤ አልዋሽም› አለችኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ እንደ እሷ በቁማቸው ሲደርቁ ታየኝ። ባጎረስኩበት እጄ በነጠላዋ አነቅኳት።»

ዓምደ ሚካኤል ተነሣ።

«ከዛሬ ጀምሮ የፈትለወርቅን ደጅ የረገጠ እንደ እሷ ይገለላል።»

«ልጆቼስ?» አለች ፈትለወርቅ፤ ወደ ወንድይራድ፣ ወደ ጎረቤቶቿ እየዞረች። ሁሉም ፊቱን አዞረ።

አካሉ እጇን በካቴና አስሮ ይዟት ወጣ። ልጆቿ ደጅ ቆመዋል።

«እማዬን የት ነው የምትወስዷት?» አለች ትንሿ።

ሕዝቡ አጠገቧ እየታከከ አለፈ። አካሉም አልመለሰላትም።