በምላጭ የተፋቀው ስም

እኔ መንፈስ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ በልጅነቴ እናቴ «ጭራቅ መጣ» ስትለኝ እንኳ «የታለ፣ አሳዪኝ» የምል ደረቅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ ወድጄ እንዳይመስላችሁ፣ ከሆዴ ካላወጣሁት እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ነው።

ሥራዬ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የመደበልኝን አረጋውያን ቤት እየዞርኩ ማጽዳትና ምግብ ማቅረብ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ግን ድራፍትስማን ነበርኩ፣ ኮምፒውተር ሳይመጣብን፣ በቻይና ቀለምና በማስመሪያ አሥራ አንድ ዓመት የሕንፃ ፕላን የሳልኩ ሰው። እዚህ ፈረንጅ አገር ማን ይጠይቅሃል! የጠየቁኝ ላምበርትሴተር በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ኢንግሪድ ብቻ ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ እዚህ አገር አንቱ የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማጫውታቸው።

ኢንግሪድን ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። እኚህ አያት በወጣትነታቸው አሜሪካ ተሻግረው፣ ዳኮታ በሚባለው የስንዴ አገር ከአንድ ጓደኛቸው ጋር የአርክቴክት ቢሮ ከፍተው ነበር፣ ዛሬ መቶ ዓመት አልፎታል። ባቡር በደረሰበት ትንሽ ከተማ ሁሉ ባንኩንም፣ ቤተክርስቲያኑንም የነደፈው የእነሱ ቢሮ ነው አሉ። ከሁሉ የሚያምረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ መስኮቶቹ ብቻ ልብ ይሰርቃሉ። ኢንግሪድ የዚያን ቢሮ ታሪክ እየጻፉ ነበር፣ ዓርብ ጽሑፉ ወደ ማተሚያ ቤት፣ እሳቸው ደግሞ ወደ ሲክሄም፣ ማለትም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሊሄዱ ነበር።

በመሃል ከአሜሪካ ደብዳቤ መጣላቸው። የጻፈው የቢሮው ድራፍትስማን የነበረ ዮናስ የሚባል ሰው የልጅ ልጅ ነው። «ትምህርት ቤቱን ያሰበውም የሳለውም የኔ አያት ነው፣ ስሙን አጥፍተው አባረሩት፣ እባክዎ በመጽሐፉ አንድ መስመር ይስጡት» ይላል። ኢንግሪድ ቱግ አሉ። «አያቴ ሌባ አልነበረም!» ብለው አያታቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን ፕላን ዘረጉልኝ፣ ያኔ ፕላን የሚሳለው ስታርች በተቀባ ስስ ጨርቅ ላይ ነበር። ከታች ጥጉ ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ «የሳለው» ከሚለው ጎን የአያታቸው ስም ተጽፏል።

እኔ ግን አንድ ነገር አየሁ። በኛ ሙያ ቀለም ሲሳሳት በምላጭ ይፋቃል፣ ከዚያ ቦታው በጥፍር ይታሻል፣ ቢሆንም በላዩ እንደገና ሲጻፍ ቀለሙ ዳር ዳሩን ይፈሳል። የአያትየው ስም ዳር ዳሩ ፈሷል፣ ከሥሩ ሌላ ስም ነበር ማለት ነው። ልቤ ንገራቸው አለኝ፣ ይሉኝታ ያዘኝ። እኔ ወለል የምወለውል ሰውዬ፣ ለሰማንያ ስምንት ዓመት ሴትዮ «ያሳደጉዎት ሰው የሰው ስም ፍቀዋል» ልበል? «ግሩም ሥራ ነው» ብዬ ወደ መወልወያዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ ነው፣ ኢንግሪድ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። «ትምህርት ቤቱን የሳለው አያቴ ነው» ከሚለው ሲደርሱ ከወዲያኛው ክፍል ክር… ክር… ክር አለ። አይጥ ነው ብዬ ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ። መስመሩን ደገሙት፣ ክር… ክር። እመኑኝ፣ ያንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ምላጭ ቀለም ሲፍቅ ነው። ቀጥሎ «ፉ!» አለ፣ ድራፍትስማን ፍቆ ሲጨርስ ብናኙን እንዲህ ነው እፍ የሚለው።

«ሰማኸው?» አሉኝ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ያ፣ አዎ፣ ሰምቻለሁ።»

ደግፌያቸው ገባን። ክፍሉ ባዶ፣ መስኮቱ ዝግ። ፕላኑ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው፣ የአያታቸው ስም ግን የለም፣ ጥቁር ብናኝ ጨርቁ ላይ ተበትኗል። አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው፣ በተፋቀው ቦታ ደብዘዝ ብሎ «ዮናስ» ይላል። ስለ እመብርሃን!

ኢንግሪድ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ይሄን ሥራ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። እኔ ነኝ በለኝ፣ አልቆጣህም፣ አያቴ ብቻ እንደነበረ ይቅርልኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «እኔ ነኝ» ብል እኮ በቃ፣ አያታቸው ንጹሕ እንደሆኑ ይቀራሉ።

«ኔይ፣ እኔ አይደለሁም» አልኳቸው። «ከፊትዎ መቼ ተነሳሁ? ደግሞ ስሙ ተፍቆ እንደተጻፈ ፕላኑን ያሳዩኝ ዕለትም አውቄ ነበር፣ አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቆይተው እስክርቢቶ አምጣ አሉኝ፣ በገዛ እጃቸው አያታቸውን ሰርዘው ዮናስን ጻፉ፣ ለልጅ ልጁም መልስ ጻፉለት።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የምላጩ ጭረት ወዴት እንዳጋደለ ያየ ባለሙያ የፋቂውን እጅ ያውቃል፣ ያ የሐሙሱ ጭረት የግራኝ ነው። ምክንያቱን ሳልናገር በደብዳቤው መጨረሻ «አያትህ ግራኝ ነበር ወይ?» የምትል አንድ ጥያቄ አስጨመርኩ። መልሱ እስካሁን አልመጣም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ባይመጣ ይሻለኛል። ነበር ካለ የዚያ ምስኪን እጅ ነው፣ ነፍሱን ይማር። አልነበረም ካለስ?

እኔ ግራኝ ነኝ።