መንገድ የምትለቀው ጥንዚዛ

«ኧረ ሂጂ! ምን ይገትርሻል?» አለ አብዱልመናን፣ የሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ተንበርክኮ።

ጥንዚዛ ግን ወይ ፍንክች! ጥንዚዛ ማለት እሱና ፀደይ በትምህርት ቤታቸው የሮቦት ክበብ ውስጥ ከአሻንጉሊት መኪና ጎማና ከአሮጌ ስልክ ካሜራ የሠሯት፣ ጫማ የምታክል ሮቦት ናት። የምሳ እረፍት ደወል ተደውሎ ተማሪው ኮሪደሩን ሲያጥለቀልቀው ግድግዳው ጥግ ተለጥፋ ቆመች። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ፤ እሷ እዚያው ናት። ኮሪደሩ ጭር ሲል ብቻ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች።

«ይቺ ነገር ፋራ ናት እንዴ? ነገ መምህር ዋኘው የሚፈትኑን በእረፍት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ከጠበቀች አለቀልን።»

ፋራ የምትለዋ ቃል ፀደይን ጠቅ አደረገቻት። ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር የመጣች ሰሞን ከኋላ ወንበር ሰምታታለች። አብዱልመናን ክፋት አስቦ አይደለም፤ ጎንደር ገበያ መሀል ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው፣ አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል።

«አለቀልን» ያለው ግን እውነቱን ነው። ክበቡ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ፣ ነገ በክበቡ መምህር ፈተና የወደቀ ቡድን ቦታውን ለሌላ ይለቃል። አብዱልመናን ምን ቸገረው? ኳስ አለው፣ የአባቱ ሱቅ አለው፣ ጓደኛው እንደ አሸን ነው። ፀደይስ? ከዚህ ክበብ ሌላ ማን አላት? በተከራየቻት ክፍል ውስጥ እሑድን ከሰው ጋር ሳታወራ ትውልና፣ ሰኞ ጠዋት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ስትል ድምፅዋ ራሷን ያስደነግጣታል። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ በሰው መሀል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ሞተሯ ይሆን?» አለ አብዱልመናን።

«ሞተሯስ ሸጋ ነው» አለች ፀደይ። ኮምፒውተሩን ከፍታ የሥልጠና ቪዲዮዎቹን ማየት ጀመረች።

የጥንዚዛ አእምሮ ኒውራል ኔትወርክ ነው። «ሰው ሲመጣ በዚህ ታጠፊ» የሚል ትእዛዝ ማንም አልጻፈላትም። ፀደይ በሪሞት ስትነዳት ካሜራው ያየውንና የፀደይ እጅ ያደረገውን እያመሳከረች፣ እንደ ሕፃን አይታ ነው የተማረችው። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል እንደምታልፍ እዚያው በዚያው የምትወስነው ራሷ ናት።

በቪዲዮው ላይ እግር ብቅ ሲል የፀደይ እጅ ጥንዚዛን ወደ ግድግዳው ይወስዳታል፤ እግሩ እስኪያልፍም ያቆማታል። በሌላው ቪዲዮም እንዲሁ፤ በሌላውም።

ፀደይ ፊቷ ጋለ። በአገሯ ትልቅ ሰው ከፊት ሲመጣ ልጅ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ እስኪያልፉ ቆሞ ይጠብቃል። «አያ ኪዳነ ማርያም መጡ፣ ዞር በይ!» እየተባለች ነው ያደገችው። እጇ ሳያማክራት ያንኑ ሲያደርግ ከርሟል። የእግሯ ደግሞ የባሰ ነው፤ በዚህ ኮሪደር ከእሷ ለሚያንሱት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እንኳ ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፋለች። ያገሯ ሽማግሌ «እደጊ» ብሎ መርቋት ነበር የሚያልፈው። እዚህ ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኳት» አለች።

«በቃ፣ መላ አለኝ» አለ አብዱልመናን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ሪሞቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እኔው እነዳታለሁ። ማን ያውቃል?»

«መምህር ዋኘው እኮ አምነውን ራሷ የሄደች ይመስላቸዋል!»

«አቦ አታካብጂ! አንቺ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት መቼ ይከብድሻል?» ብሎ ሳቀና ምሳውን በልቶ ሊሰግድ ወጣ። ሪሞቱን ትቶላታል።

እውነቱን ነው፣ ዝም ማለት አይከብዳትም። ዝም ብትል ኮምፒውተሩም ክበቡም በእጇ ይቀራሉ። ሌላው መንገድ ግን አስፈራት። ጥንዚዛን ካሁኑ በሰው መሀል እየነዳች፣ ሳትቆም እየተሽሎከለከች እንድታልፍ እንደ አዲስ ብታለማምዳት፣ ኮምፒውተሩ ሥልጠናውን እስከ ነገ ያደርስላት ይሆናል። ላያደርስም ይችላል። ለዚያውም ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ መለመን አለበት። ፀደይ በዚህ ግቢ እርሳስ እንኳ ተውሳ አታውቅም።

ከክፍሉ ብቅ ስትል ሦስት ልጃገረዶች እየተሳሳቁ በኮሪደሩ መጡ። ከፊት ያለችው ሚስጥር የክፍሏ ልጅ ናት። የፀደይ እግር እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው አለ። መለሰችው። ሪሞቱን ጨብጣ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።

ልጆቹ ደርሰው ቆሙ። «ምነው?» አለች ሚስጥር።

«ሮቦታችን...» ድምፅዋ ሻከረባት፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሮቦታችን በሰው መሀል ማለፍ አትችልም። ላለማምዳት ነበር። ከፊቷ ወዲህ ወዲያ ብትሉልኝ።»

«ብንረግጣትስ?»

«እኔ ነኝ የምነዳት። እናንተ ብቻ መንገድ አትልቀቁላት።»

ልጆቹ ተያዩ። አንዷ ሳቀች፣ ግን አልሄደችም። ሚስጥር ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እሺ። ስምሽ ግን ማን ነበር?»

አንድ ክፍል ከርመው! ፀደይን ከፋት፣ ከልቧ ከፋት።

«ፀደይ ነኝ» አለች። «በሉ፣ መንገዱን ዝጉብኝ።»