የእማማ አትጠገብ ብፌ

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ መንፈስ ምናምን ሲባል ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ዕድሜ ልኬን ከእንጨት ጋር ስታገል የኖርኩ አናጢ ነኝ፣ ሰው «ቁም ሳጥኔ ይጮሃል፣ ጸበል ላስረጭበት ወይ?» ብሎ ሲመጣ፣ «እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ይጮሃል፣ አለቀ» ብዬ ነበር የምሸኘው። አሁን ግን እንዲህ ማለቱን ትቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። እማማ አትጠገብ የሚባሉ የገሳይ ከተማ ሴትዮ ለገበያ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ ብፌ ዝም ማሰኘት ትችላለህ?» አሉኝ።

«ምን ሆኖ ነው እማማ?»

«ይንቃጨላል። በተንቃጨለ ቁጥር ተነስቼ በር እከፍታለሁ፣ ሰው የለም። አሁንስ ጉልበቴም አለቀ።»

ይርጋ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ የጭነት መኪና ረዳት ነው፣ የዛሬ ሁለት ክረምት ወደ ወልድያ እንደወጣ ቀረ። ሞቷል የሚል የለም፣ አይቼዋለሁ የሚልም የለም፣ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡለትም። ታዲያ ይርጋ ቤት ሲገባ፣ በሩ ስር ያለችውን ጣውላ ሲረግጣት፣ አጠገቧ በቆመው ብፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቃጨሉ ነበር፣ አንድ እግሩን ትንሽ ስለሚጎትት ድምፁ መጀመሪያ አጠር፣ ቀጥሎ ረዘም ይላል። እናቱ ከጓዳ ሆነው «መጣህ?» የሚሉት ያንን ሰምተው ነው። ልጁ ቀረ፣ ድምፁ ግን አልቀረም።

እኔ መልሱን ገና ሳልሄድ አገኘሁት፣ ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ነው፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ያንቀጠቅጠዋል፣ በቃ።

ሰኞ ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ፣ የጉና ተራራ ጉም መንገዱን ዘግቶት ነበር። ብፌውን ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ እጄ ሳላዘው ዳሰሰው። ሟች ባለቤታቸው ለሠርጋቸው የሠሩት ነው፣ ከግቢያቸው ከተቆረጠ ዋንዛ። አንድ ምስማር የለበትም፣ እመኑኝ፣ ፈልጌ ነው ያጣሁት፣ የአንዱ እንጨት ምላስ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በወይራ ችንካር ተይዟል፣ መደርደሪያዎቹ በጎኑ በተቦረቦረ ቦይ እየተንሸራተቱ ይገባሉ፣ የበሮቹ መስታወት እንኳ በልኩ ተፈልፍሎለት ነው የተቀመጠው። ስገፋው ንቅንቅ የለም። የላላችው ያቺ ጣውላ ብቻ ነበረች፣ የብፌው አንድ እግር እሷ ላይ አርፏል።

ብርጭቆዎቹን በሙሉ አውጥቼ በጋቢ ጠቅልዬ አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸው። እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ቀን ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ከመንገዱም የመኪና ድምፅ አይሰማም። በአንድ እጄ ጣውላዋን ይዤ በሌላው መዶሻ ሳነሳ፣ ተንቃጨለ።

ባዶው ብፌ።

መጀመሪያ አጠር፣ ቀጥሎ ረዘም። ወደ አልጋው ዞርኩ፣ ጋቢው እንዳለ ነው። ከእጄ ስር ጣውላዋ ዝቅ አለች፣ ሰው ሲረግጣት እንደምትለው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰች። የብፌው መስታወት ደግሞ ከውስጥ በኩል ሰው የተነፈሰበት ይመስል ጭጋግ ለበሰ፣ እያየሁት ሳስቶ ጠፋ።

እማማ አልደነገጡም። «ሰማኸው አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ብቻዬን የምሰማው መስሎኝ፣ ራሴን ስጠራጠር ነው የከረምኩት።»

«ልተወው እንዴ እማማ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ «ምታው» አሉኝ። «እሱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

መታሁት። ከስር ሽብልቅ አስገብቼ ጣውላዋን አጠበቅሁ፣ ብርጭቆዎቹን መልሼ ደረደርኩና ወጣሁ፣ ግን እመኑኝ፣ መንገዱን ሁሉ ሰው ላይ በር የዘጋሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ጥቂት ሳምንት ቆይተው ደወሉ። «ልጄ፣ ና ፍታልኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሯል፣ «ዝምታው ባሰብኝ።» በዚያው ቀን ሄጄ ሽብልቁን አወጣሁ፣ ጣውላዋን አላላሁ፣ እየረገጥኩ ሞከርኩት፣ ብርጭቆዎቹ ይንቃጨላሉ፣ ግን የእኔ እርምጃ ነው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስኪመሽ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ምንም የለም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠያየቁኝና፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ምናልባት አንተን ተከትሎ መጥቶ ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልመጣም እማማ» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ ምንም የሰማሁት ነገር የለም። ግን ከዚያ ወዲህ፣ ሱቄን ስዘጋ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ይዤ ትንሽ እቆማለሁ፣ የሚገባ ሰው ካለ ብዬ መንገዱን አያለሁ።